የማኅበር ብድሬን ላራዝም ወይስ ልተው? እኛ ቤት የተሠራው ሒሳብ

ይህን የምጽፈው ዕዳ ተደራርቦበት «የማኅበር ብድሬን ላራዝምና ሁሉንም በአንዴ ልገላገል» እያለ ለሚያስብ ሰው ነው። እኔም አስቤዋለሁ፤ አድርጌዋለሁም። ያደረግሁት ግን መጀመሪያ ባሰብኩት መልክ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 40,000 ብር የሚጠጋ ወለድና ሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከነሒሳቡ ልንገራችሁ።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ የሚቀረኝ ደመወዝ ያኔ 18,000 ብር ነበር። ባለቤቴ የቤት ቀለም ቀቢ ነው። ሥራ ሲኖር ደህና ያገኛል፤ ሲጠፋ ደግሞ ሳምንታት ያልፋሉ። ሁለት ልጆች አሉን። መሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር አለው። ከዚያ 120,000 ብር ወስጄ ለባለቤቴ የሥራ መሣሪያና ለቤት ዕቃ አውለነው ነበር። ብድሩ በ36 ወር የሚከፈል ነው። ወለዱ 13 በመቶ ሆኖ በቀሪው ዕዳ ላይ እየታሰበ ይቀንሳል። በየወሩ 4,043 ብር ከደመወዜ ይቆረጣል። ለረጅም ጊዜ ምንም አላስቸገረንም።

ሰኔ 2016 ላይ ትንሹ ልጃችን ታመመና ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። ጅዳ የምትሠራው ታናሽ እህቴ 40,000 ብር ላከችልን፤ የጎደለውን ከዚህም ከዚያም ሞላነው። ልጁ ዳነ፤ ተመስገን። ከዚያ ሐምሌ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ቀለም ተወደደ። ቤት ሊያሳድሱ የነበሩ ሰዎች «እስቲ ትንሽ እንቆይ» ማለት ጀመሩ፤ የባለቤቴ ሥራ ቀዘቀዘ። መስከረም ሲገባ ደግሞ የልጆቹ ትምህርት ቤት አለ። ከእጅ ወደ አፍ የነበረው ኑሮ አፍም ሳይደርስ ማለቅ ጀመረ።

በጥቂት ወራት ውስጥ ዕዳችን እንዲህ ሆነ። የማኅበሩ ብድር 72,350 ብር ቀርቶታል፤ የሚያልቀውም ከ20 ወር በኋላ ነው። በስልክ ከሚሰጡት ዲጂታል ብድሮች ከሁለት ቦታ አሥር አሥር ሺሕ ብር ወስጃለሁ። ከአንድ ግለሰብ 30,000 ብር በአራጣ ወስደናል፤ በወር 10 በመቶ። የእህቴ 40,000 ብር አለ። የሰፈራችን ሱቅ የዱቤ ደብተር 6,500 ብር ደርሷል። ዕቁብም አለብኝ። ዕጣዬ ወጥቶ ብሩ በልጁ ሕክምና አልቋል፤ ገና ስምንት ወር በየወሩ 3,000 ብር እጥላለሁ።

ዕቁብን ብዙዎቻችን ዕዳ ብለን አንቆጥረውም። ዕጣው ከወጣ በኋላ ግን ዕዳ ነው። ዕቁብተኛውም ዳኛውም የሚጠብቁት ገንዘብ ነው። ሒሳብ ስትሠሩ አትርሱት።

ስለ ስልኩ ብድር ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚገባበት ቦታ ስለሆነ። 10,000 ብር ስትጠይቁ የአገልግሎት ክፍያው ቀድሞ ይቆረጣል። እኔ የወሰድኩበት ክፍያ ለ30 ቀን 8 በመቶ ነበር። ስለዚህ እጄ የሚገባው 9,200 ብር ነው፤ የምመልሰው ግን 10,000። ቀኑ ሲደርስ ከጎረቤት ለአንድ ሰዓት ተበድሬ እዘጋለሁ። ወዲያው መልሼ እወስዳለሁ፤ ለጎረቤቴ እመልሳለሁ። በዚህ ሁሉ 800 ብር ከኪሴ ወጣ፤ ዕዳው ግን አንድ ብር አልቀነሰም። ሁለት ብድር ስለነበረኝ በወር 1,600 ብር እንዲሁ ይሄዳል። 8 በመቶ ሲባል ከማኅበሩ 13 በመቶ ያነሰ ይመስላል። የማኅበሩ ግን የዓመት ነው፤ የስልኩ የወር። በዓመት ሲታሰብ 96 በመቶ ነው። አራጣው ደግሞ 120 በመቶ። ማንኛውንም ብድር ከሌላው ጋር ስታወዳድሩ ሁለቱንም ወደ ዓመት አምጧቸው። አለበለዚያ ትንሹ ቁጥር ያታልላችኋል።

እንግዲህ በየወሩ ለማኅበሩ 4,043፣ ለስልኩ 1,600፣ ለአራጣው 3,000፣ ለዕቁቡ 3,000 ይወጣል። ድምሩ 11,643 ብር። ከ18,000 ብር ላይ ይህ ሲነሳ የሚቀረው ለቤት ኪራይ እንኳ አይበቃም።

መጀመሪያ የሄድኩት ደመወዜ የሚገባበት ባንክ ነው። የደመወዝ ብድር ካለ ጠየቅሁ። በጨዋነት አስተናገዱኝ፤ ተስፋ ግን አልሰጡኝም። ምክንያቱን ኋላ ላይ ነው የተረዳሁት። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢያደርገውም ባንኮች ያኔ ያለቻቸውን ብድር የሚሰጡት ዋስትና ላለው ነበር፤ ለእኔ ዓይነቱ ደመወዝተኛ ብዙም አይተርፍም ነበር። ስለዚህ ባንክ ለባንክ ስትዞሩ ቀናችሁን አታቃጥሉ። የሥራ ቦታ ማኅበር ካላችሁ ከዚያ ጀምሩ።

የማኅበራችን የብድር ሠራተኛ መዝገቤን አየችና «ድጋሚ ብድር መውሰድ ትችያለሽ» አለችኝ። የቁጠባዬን አራት እጥፍ ድረስ ይፈቀዳል። ቁጠባዬ 45,000 ብር ስለነበር 180,000 ብር ይደርሳል ማለት ነው። አሮጌው 72,350 ብር ከውስጡ ይዘጋል፤ ቀሪው 107,650 ብር እጄ ይገባል። በ60 ወር ከፈልኩት ወርሃዊ ክፍያው 4,096 ብር ነው።

ልብ በሉ። የምከፍለው 4,043 ነበር። አሁን 4,096 ይሆናል። በ53 ብር ጭማሪ ከመቶ ሺሕ ብር በላይ አገኛለሁ! አራጣው ይዘጋል፣ ስልኩ ይዘጋል፣ እህቴ ብሯን ታገኛለች፣ ሱቁ ይከፈላል፣ አሥራ አንድ ሺሕ ብር ገደማም ለበዓል ይተርፋል። ልቤ ዘለለ። ለባለቤቴ ደውዬ «ተገላገልን» አልኩት። ቅጹን ይዤ ዋሶቼን ለማስፈረም ሄድኩ።

ዋስ ከሚሆኑልኝ አንዱ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ለመጀመሪያውም ብድር ፈርመውልኛል። ቅጹን ተቀብለው አዩና ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ መፈረሙን እፈርማለሁ» አሉኝ። «ግን ብሩ የት የት እንደሚገባ አንድ በአንድ ጽፈሽ አምጪልኝ። ወለድ የሌለውን ዕዳ ወለድ ባለው ብድር የምትከፍይበት ቦታ ካለ እሱን እይው። አምስት ዓመት ረጅም ነው። እኔ ራሴ ከዚያ በፊት ጡረታ እወጣለሁ።»

በመጀመሪያ ቅር አለኝ። ሰው በጭንቅ ላይ ሆኖ ምክር ሲሰጡት እንዲህ ነው። ማታ ቤት ስገባ ግን ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ደብተር አውጥተን ተቀመጥን። ሁሉ ነገር የተለወጠው ያን ማታ ነው።

ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። እያንዳንዱን ዕዳ በየመስመሩ ጻፍን። ከጎኑ «ዛሬ ባልከፍለው በወር ምን ያህል ያስወጣኛል?» ብለን ሞላን። የአራጣው 3,000። የስልኩ 1,600። የእህቴ ዜሮ። የሱቁ ዜሮ። የዕቁቡም ዜሮ፤ ዕቁብ ወለድ የለውማ። ከማኅበሩ ብድር ውጪ ካለው ዕዳ ሁሉ የሚበላን 50,000 ብሩ ብቻ ነበር። የቀረው ያሳፍራል፣ ያሳስባል፣ ግን እየጨመረ አይሄድም።

ከዚያ ሁለቱን መንገዶች አወዳደርን። 180,000 ብሩን በ60 ወር ብወስድ ጠቅላላ የምከፍለው ወለድ 65,700 ብር ገደማ ነው። 50,000 ብር ብቻ ጨምሬ፣ አዲሱ ብድር 122,350 ብር ሆኖ፣ በ36 ወር ብከፍለውስ? ወርሃዊው 4,122 ብር ይመጣል። ከአምስት ዓመቱ ጋር በ26 ብር ብቻ ይለያል! ጠቅላላ ወለዱ ግን 26,000 ብር ገደማ ነው። በ26 ብር የወር ልዩነት ሁለት ዓመት ቀድሜ ነፃ እወጣለሁ። የአምስት ዓመቱን ወርሃዊ ክፍያ ብቻ ያየ ሰው ይህ አይታየውም። አበዳሪም ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ወርሃዊውን ነው።

ማራዘሙ ራሱ ዋጋ እንዳለውም ጻፍነው። አሮጌውን ብድር ሳልነካው በ20 ወር ብጨርስ የሚቀረኝ ወለድ 8,500 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ ማራዘሙ 17,500 ብር ተጨማሪ ወለድ ያስከፍለኛል። በላዩ ላይ የመድንና የአገልግሎት 2 በመቶ አለ። ይህ የሚታሰበው በአዲሱ 50,000 ላይ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው 122,350 ላይ ነው፤ 2,447 ብር። በአሮጌው ብድር ላይ አንዴ የከፈልኩትን እንደገና እከፍላለሁ ማለት ነው። ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሁለቱን ስንደምር ማራዘሙ 20,000 ብር ገደማ ያስወጣናል። አራጣውና ስልኩ ደግሞ በወር 4,600 ብር ይወስዳሉ። አምስት ወር ሳይሞላ የማራዘሙ ወጪ ይመለሳል። ያኔ ነው ለእኛ ማራዘሙ ልክ እንደሆነ እርግጠኛ የሆንኩት። ለ50,000ው ልክ ነው። ለሌላው አይደለም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሌላ አበዳሪ ተቋምም ጠይቀን ነበር። እዚያ ወለዱ በዋናው ገንዘብ ላይ እስከ መጨረሻው ሳይቀንስ የሚታሰብ ነው፤ በተለምዶ ፍላት የሚሉት። 100,000 ብር በ13 በመቶ ለሦስት ዓመት ብትወስዱ በፍላት 39,000 ብር ወለድ ትከፍላላችሁ። በቀሪው ዕዳ ላይ እየቀነሰ ሲታሰብ ግን 21,300 ብር ገደማ ነው። በመቶኛው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚከፈለው ወለድ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። «ስንት በመቶ ነው?» ብላችሁ አታቁሙ፤ «በምን ላይ ነው የሚታሰበው?» ብላችሁ ቀጥሉ።

በጣም የከበደኝ የእህቴ ነገር ነው። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ አስቀድሜ ልከፍል የፈለግሁት እሷን ነበር። ሰው ቤት ተንከራትታ ያገኘችው ነው። ደግሞ ብሩን የላከችው አንድ ሪያል 15 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ከሐምሌ በኋላ ሪያሉ 30 ብር አልፏል። እኔ ጋ የተቀመጠው ብሯ በእሷ ዓይን በግማሽ ቀልሏል። በኢሞ ደወልኩላትና ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳት። አራጣውን ስትሰማ ደነገጠች። «እኔን ተዪኝ፣ መጀመሪያ የሰውየውን ዝጊ» አለችኝ። «እኔ እህትሽ ነኝ፤ ቀስ ብለሽ በብር ትመልሺልኛለሽ።» እኔ ደግሞ ሲደላኝ ጨመር አድርጌ እንደምመልስ ቃል ገባሁላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕዳዬን የምታውቅ አንድ ሰው በማግኘቴ ብቻ ቀለል አለኝ። ቤተሰብ ያበደራችሁ ከሆነ አትሽሹ። ደውሉ፣ ዕቅዳችሁን ንገሩ። የሚያስቀይመው ዝምታው ነው።

ባለሱቁም እንዲሁ። ሄጄ «አዲስ ዱቤ አልወስድም፣ ያለውን በሁለት ሦስት ጊዜ እጨርሳለሁ» አልኩት። ደብተሩ ላይ መስመር አሰመረና «እሺ እህቴ» አለኝ። በቃ።

ለጋሼ ዝርዝሩን ወስጄ አሳየኋቸው። አንብበው ፈረሙ። በእኛ ማኅበር ዋስ የሆነ ሰው የራሱ ቁጠባ በዋሰው መጠን ይያዛል፤ ራሱ መበደር ቢፈልግ ይቸገራል። ስለዚህ ብድር ስታራዝሙ የምታራዝሙት የራሳችሁን ቀን ብቻ አይደለም። ሌሎቹን ዋሶቼንም ጠርቼ ከ20 ወር ወደ 36 ወር እንደሚሄድ በግልጽ ነገርኳቸው። አንዷ ቤት ልትሠራ ስላሰበች መቀጠል እንደማትችል ነገረችኝ። አልተቀየምኳትም፤ ሌላ ሰው ፈለግሁ። ዋሳችሁ እምቢ ካለ ይህን አስቡ፤ ምናልባት እሱም የራሱ ዕቅድ አለው።

ስለ ደመወዝ ተቆራጭም አንድ ነገር እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በድምሩ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። የእኔ 4,122 ብር ከዚያ በታች ነው። ወደ ጣሪያው የሚያስጠጋችሁ ከሆነ ግን ማኅበሩ ቢፈቅድላችሁም እናንተ ለራሳችሁ አትፍቀዱ። ልጅ ይታመማል፣ ኪራይ ይጨምራል።

ቁጠባዬን አውጥቼ ልክፈል ብዬም ጠይቄ ነበር። ብድር ያለበት አባል መደበኛ ቁጠባውን ማውጣት አይችልም ተባልኩ። የእናንተ ደንብ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ።

ብሩ ሲለቀቅ አንድ ቀን እንኳ እንዲያድር አልፈለግንም። የስልኩን ሁለት ብድሮች እዚያው ዘጋሁ። ወዲያው መልእክት መጣ፤ የመበደሪያ ገደቤ ከፍ ማለቱን ያበሥራል። ብዙ ሰው ተመልሶ የሚገባው በዚህች መልእክት ነው። ዕዳውን ከፍሎ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ይወስዳል። ያኔ የተራዘመውም ብድር አለ፣ አዲሱም አለ፤ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። እኛ ሒሳቡ ዜሮ መሆኑን አረጋግጠን አፑን ከሁለታችንም ስልክ አጠፋነው። ዕዳ እያለባችሁ አፕ ማጥፋት ግን ምንም አይፈይድም። ያልተከፈለ የባንክ ብድር በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት ውስጥ ይገባል፤ ነገ ሌላ ባንክ ስትሄዱ ይጠብቃችኋል።

የአራጣው አከፋፈል ከሁሉ የከበደው ነው። የተበደርነው 30,000 ብር ቢሆንም ሰውየው ያስፈረመን ወረቀት ላይ 36,000 ብር ይላል። ወለዱን በየወሩ በጥሬ ብር እንሰጠዋለን፤ ደረሰኝ የለም። ልንዘጋ ስንሄድ «በወረቀቱ ነው የምቀበለው» አለ። ባለቤቴ ተናደደ። እኔ ግን ጉዳዩን ቀድሜ አንዲት የሕግ ባለሙያ ጎረቤቴን አማክሬ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ የብድር ውል ላይ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም፤ አራጣ ማበደርም በወንጀል ያስጠይቃል። ችግሩ ማስረጃ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በዋናነት የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው፤ በእጁ ያለው ጽሑፍ ደግሞ 36,000 ነው የሚለው። «ክርክር ውስጥ ከምትገቡ በሽማግሌ ሞክሩት» አለችን።

የሰፈር ሽማግሌዎች ያዝን። ሁለቱም ወገን የሚያከብራቸው ሰዎች ናቸው። ሕጉን ማስፈራሪያ አላደረግነውም፤ ግን እንደምናውቀው ሰውየው ገብቶታል። እስካሁን የወሰደው ወለድ ተቆጠረ፣ ብዙ ተባለ፣ መጨረሻ ላይ በ30,000 ብር ተስማማ። ብሩን በባንክ አስተላለፍን፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የብድር ሙሉ ክፍያ» ብለን ጻፍን። ዋናውን ወረቀት ሳንቀበል ግን ከቦታው አልተነሳንም። ሽማግሌዎቹ ባሉበት ዕዳው ማለቁን የሚገልጽ ወረቀት ፈርሞ ሰጠን። እባካችሁ፣ አራጣ ስትዘጉ ኮፒ ተቀብላችሁ አትሂዱ። ባዶ ቼክ ወይም የመኪና ሊብሬ አስይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡና ሰነዱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በምስክር ፊት ይለዋወጡ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚወጣው 4,122 ለማኅበሩና 3,000 ለዕቁቡ ሆነ፤ 7,122 ብር። ከበፊቱ 4,521 ብር ተረፈን። የሚያሰጋኝ ይህ ገንዘብ ነበር። ቦታ ካልተሰጠው ሳይታወቅ ይበላል። መጀመሪያ የሱቁን ዱቤ ጨረስንበት። ቀጥሎ በወር 2,000 ብር ለድንገተኛ ወጪ በሌላ ባንክ ማስቀመጥ ጀመርን። ካርድ አላወጣንበትም፣ ስልክ ላይም አላገናኘነውም። ወደ ስልክ ብድርና ወደ አራጣ የገፋን የመጠባበቂያ ገንዘብ አለመኖሩ ነው። እሱ ሳይሞላ ዕዳ መዝጋት ብቻውን አያድንም። የቀረው ለቤት ነው፤ ልጆቹም ወተት አይተዋል።

ዕቁቡ ሲያልቅ 3,000 ብሩ ወደ እህቴ ሂሳብ መግባት ጀመረ። አሁንም እየገባ ነው። የማኅበሩ ብድር ገና አላለቀም። ባለቤቴ ደህና ሥራ ባገኘ ቁጥር ግን ቀድመን ትንሽ ትንሽ እንጥልበታለን። በእኛ ማኅበር ቀድሞ ለከፈለ ቅጣት የለም፤ ወለዱም ይቀንስለታል። ቅጣት የሚያስከፍል ቦታ ስላለ ይህንንም ሳትፈርሙ በፊት ጠይቁ።

ለእኛ የሠራው ለሁሉም ይሠራል አልልም። ዕዳችሁ በሙሉ የዘመድ፣ የዱቤና የዕቁብ ከሆነ ብድር ማራዘም ምንም አያተርፍላችሁም፤ ወለድ የሌለውን ወለድ ያለው ታደርጉታላችሁ። የሥራችሁ ነገር ካላስተማመናችሁም አስቡበት። ሥራ ስትለቁ ማኅበሩ ቀሪውን ዕዳ በአንዴ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁጠባችሁ ካልሸፈነው ዋሶቻችሁ ላይ ይወድቃል። ብድሩ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ብቻ የቀረውም ሰው ቆም ይበል፤ እሱን ጨርሶ በአዲስ መልክ ትንሽ ብድር መውሰድ ሊሻለው ይችላል። ወርሃዊ ወጪያችሁ ከገቢያችሁ የሚበልጠው ዕዳው ሳይኖርም ከሆነ ደግሞ ማራዘሙ ለጥቂት ወራት ብቻ ነው የሚያስተነፍሳችሁ። ያኔ መጀመሪያ የሚነካው ኪራዩ ወይም የትምህርት ቤቱ ክፍያ ነው። ይህ ከባድ ውሳኔ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኛም ትልቋን ልጃችንን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛውረናታል።

ለማራዘም ከወሰናችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የመክፈያ ሰንጠረዡን በወረቀት ጠይቁ። በየወሩ ስንት ለዋናው፣ ስንት ለወለድ እንደሚሄድ የሚያሳየውን ማለቴ ነው። በ36፣ በ48 እና በ60 ወር ሦስቱንም እንዲሠሩላችሁ አድርጉ። «ጠቅላላ ወለድ» የሚለው መስመር ከሌለበት እንዲጨምሩት ጠይቁ። የእኛ የብድር ሠራተኛ ስጠይቃት እዚያው ኮምፒውተሯ ላይ ሠርታ አትማ ሰጠችኝ፤ እስካሁን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።